ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ሲኒማ ቤት ግርማ በዘመኑ አዳራሽ

ሰሞኑን ከአዳማ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ የድሮዎቹን ሲኒማ ቤቶች ዓምድ፣ ቅስትና መጋረጃ ከዛሬው እስክሪንና ድምፅ ጋር እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አዳማ ውስጥ ለሠርግና ለስብሰባ ስናከራየው የቆየ አዳራሽ አለን። ወርዱ 14፣ ርዝመቱ 24፣ ቁመቱ 7 ሜትር ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሲኒማ ቤት ልናደርገው አስበናል። አባታችን እንደ ድሮዎቹ ዓምድ፣ ቀይ መጋረጃና ሰማይ የመሰለ ኮርኒስ ከሌለው ሲኒማ ቤት አይባልም ይላሉ። ዲዛይን የሚሠራልን ባለሙያ ደግሞ የዛሬ ሲኒማ ጥቁር ሳጥን ነው፣ ጌጥ ምስሉን ያበላሻል ይለናል። የቱን እንስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ያልተግባቡት የሚያወሩት ስለተለያየ ሰዓት ስለሆነ ነው። አባታችሁ የሚያስቡት መብራት ከመጥፋቱ በፊት ያለችውን ሩብ ሰዓት ነው፤ ባለሙያው ከጠፋ በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት። ስለዚህ ጌጡን ሰው ገብቶ ወንበሩን እስኪይዝ ድረስ በሚያየው ቦታ ላይ አውሉት፤ በመግቢያው፣ በጎንና በኋላ ግድግዳዎች፣ ከኮርኒሱ ወደ ኋላ ባለው ሁለት ሦስተኛ ላይ፣ እንዲሁም በመጋረጃው። ከእስክሪኑ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ያለው ግን የባለሙያው ግዛት ነው። እዚያ በእርግጥም ጥቁር ሳጥን ይሁን።

ጌጥ ከመምረጣችሁ በፊት እስክሪኑን ወስኑ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመነጫል። ለእናንተ አዳራሽ 10 ሜትር ወርድ ያለው እስክሪን ይስማማል። ሰፊው የፊልም ቅርጽ 2.39 ለ1 ስለሆነ ቁመቱ 4.2 ሜትር ገደማ ይመጣል። በግራና በቀኝ 2 ሜትር ይተርፋል፤ የተከፈተ መጋረጃ ተሰብስቦ የሚቆመውም፣ ዓምዱም እዚያ ነው። እስክሪኑን ከግድግዳው 1.3 ሜትር ያህል አውጡት፤ ድምፅ ማጉያዎቹ የሚቆሙት ከጀርባው ነው፣ ድምፁም በእስክሪኑ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ያልፋል። የእስክሪኑን የታች ጠርዝ ከወለል 1.2 ሜትር ከፍ አድርጉት።

የፊት ረድፍ ተመልካች የእስክሪኑን አናት ለማየት ዓይኑን ከ35 ዲግሪ በላይ ማንሳት የለበትም። በዚህ ቁመት ሲሰላ የመጀመሪያው ረድፍ ከእስክሪኑ 6 ሜትር ይርቃል። የመጨረሻው ረድፍ ደግሞ እስክሪኑን ቢያንስ በ30 ዲግሪ ስፋት ማየት አለበት፤ ይህም 18.6 ሜትር ላይ ያቆመናል። በረድፍና በረድፍ መካከል 1.15 ሜትር ስትሰጡ 11 ረድፍ ይገባል፣ የመጨረሻውም 17.5 ሜትር ላይ ያርፋል። ሁለት የ1.2 ሜትር መተላለፊያ ትታችሁ በየረድፉ 19 ወንበር ቢቀመጥ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር ቦታ ቀንሳችሁ፣ 200 ሰው ይዛችኋል። ከዚያ በላይ ለመጨመር ረድፍ ማጠጋጋት ጉልበት ከጉልበት ማጋጨት ነው።

እያንዳንዱ ረድፍ ከፊቱ ካለው በ30 ሳንቲሜትር ይነሳ። የኋለኛው ወለል 3 ሜትር ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የፕሮጀክተሩ ከፍታ ነው፤ ሌንሱ ከ5.6 ሜትር በታች ከወረደ ሽንት ቤት ለመሄድ የተነሳ ሰው ጭንቅላት በፊልሙ መሃል ብቅ ይላል። የድሮዎቹን ሰገነት ግን እርሱት። በ7 ሜትር ቁመት ሰገነት ቢሠራ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው የእስክሪኑ አናት ይቆረጥበታል። የሰገነት መልክ ከፈለጋችሁ የፕሮጀክተሩን ክፍል ፊት ብቻ በሰገነት ቅርጽ አስጊጡት።

ቅዝቃዜውን ደግሞ ከወርቁ አስቀድሙ። የድሮዎቹም ሰው የሚስቡት በጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የኒውዮርኩ ሪቮሊ ሲኒማ ቤት እ.ኤ.አ. በ1925 የኬሪየር ኩባንያን አየር ማቀዝቀዣ ያስገባው የበጋው ሙቀት አዳራሹን ባዶ ስለሚያደርግበት ነው። ለ200 ሰው ንጹሕ አየር ብቻ በሰዓት 5,800 ሜትር ኩብ ገደማ ያስፈልጋል። አየሩ ከመውጫው ከ2 ሜትር በሰከንድ በላይ ከፈጠነ ያፏጫል፣ ፉጨቱም ጸጥ ባለው የፊልሙ ክፍል ላይ ይሰማል። መውጫዎቹን በጌጥ ፍርግርግ መሸፈን ያምራል። ነገር ግን ፍርግርጉ ግማሹን ቀዳዳ ስለሚዘጋ መውጫውን እጥፍ አድርጋችሁ ክፈቱት።

ጥያቄ፦ ቀለም ቀቢ ነኝ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ከእስክሪኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ዓምዶች በሚያብረቀርቅ ወርቅማ ቀለም ቀባሁ፤ ኮርኒሱ ነጭ ነው። ባለቤቱ አሁን ምስሉ ደበዘዘ፣ ጥቁሩ ግራጫ ሆነ ብሎ ፕሮጀክተሩን ሊቀይር ነው። ጥፋቱ የቀለሙ ይሆን?

መልስ፦ ፕሮጀክተሩን አያስቀይሩት። ከእስክሪኑ የሚነሳው ብርሃን ነጩን ኮርኒስና ወርቁን መትቶ ተመልሶ እስክሪኑ ላይ ያርፋል። ብሩህ ትዕይንት ላይ አይታወቅም፤ የሌሊት ትዕይንት ሲመጣ ግን ጥቁር መሆን የነበረበት ሁሉ በዚያ ብርሃን ይታጠባል። ለማረጋገጥ መብራቱን ሁሉ አጥፍተው እስክሪኑ ላይ ሙሉ ነጭ ምስል ያስጥሉ፣ ጀርባዎን ለእስክሪኑ ሰጥተው ይቁሙ። ብሩህ ሆኖ የሚታይዎት ነገር ሁሉ ምስሉን እያጠበ ነው።

ኮርኒሱን ከእስክሪኑ ጀምሮ እስከ 8 ሜትር ድረስ ጥቁር ወይም በጣም ጥቁር ሰማያዊ ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም ይቀቡት። ማት ሲባል እውነተኛ ማት ነው፤ ሴሚ ግሎስ ጥቁር እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ለዓምዶቹ ደግሞ ወርቁን ሳይጥሉ የሚድኑበት ዘዴ አለ። ባለ አራት ማዕዘን ዓምድ ወደ እስክሪኑ የዞረ ፊትና ወደ ተመልካቹ የዞረ ፊት አለው። የእስክሪኑ ብርሃን የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ሰው የሚያየው ደግሞ ሁለተኛውን። ወደ እስክሪኑ የዞረውን ጥቁር ማት፣ ወደ ወንበሮቹ የዞረውን ወርቅማ ያድርጉት። ወደ መተላለፊያው የሚያየውን የጎን ፊት ጥቁር ቀይ ይቀቡት። ዓምዱ ክብ ከሆነ ወርቁ ከዙሪያው ሲሶውን ብቻ፣ በተመልካቹ በኩል፣ ይያዝ። ወርቅማውንም የሚያብረቀርቀውን ትተው ቡናማ መሠረት ላይ በደረቅ ብሩሽ ያስነኩት። መብራት ሲበራ እንዲያውም የበለጠ እውነተኛ ወርቅ ይመስላል።

ጥያቄ፦ የጂፕሰም ሥራ ላይ ነኝ። ባለቤቱ ለሲኒማ አዳራሹ ኮርኒስ ጌጡን በፎም ሥራልኝ፣ ይቀላል፣ ይረክሳልም ይላል። እኔ በቃጫ የተጠናከረ ጂፕሰም እመርጣለሁ። ምክራችሁ ምንድን ነው?

መልስ፦ እርስዎ ይበልጣሉ። ፎም እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጭሱም ጥቁርና መርዛማ ነው። 200 ሰው በጨለማ ተቀምጦ ከጭንቅላቱ በላይ ፎም መስቀል አይገባም። በቀለም ወይም በስቱኮ መሸፈኑም አያድነውም።

ለጂፕሰሙ፦ 10 ኪሎ የካስቲንግ ጂፕሰም በ6.5 ሊትር ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ዱቄቱ ውኃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውኃ ዱቄት ላይ አይፈስም። አንድ ደቂቃ ያህል እስኪርስ ይቆይና ቀስ ብሎ ይማሰል፤ አለልክ ካማሰሉት ወይም ባልዲው ላይ የትናንት ጂፕሰም ከቀረ ቅርጹ ውስጥ ሳይገባ ይደርቃል። የመጀመሪያውን ሽፋን 3 ሚሊሜትር፣ ያለ ቃጫ፣ የቅርጹን ዝርዝር እንዲይዝ በብሩሽ ይቀቡ። ጣት ሲነካው ምልክት እየያዘ ነገር ግን እጅ ላይ ሳይለጠፍ ሁለተኛውን፣ በጂፕሰም የተነከረ ቃጫ እየዘረጉ፣ ይደርቡ። ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ሁለቱ ሽፋኖች አይያያዙም፣ ከዓመት በኋላም ፊቱ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ጠቅላላ ውፍረቱ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ይሁን፤ ጠርዙ ላይና በየ60 ሳንቲሜትሩ ቀጭን እንጨት በቃጫ ተጠቅልሎ ይቀበር። ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመጣል። ቀለም የሚቀባው ውስጡ ጭምር ሲደርቅ ነው።

አሁን ዋናው ነገር አሰቃቀሉ ነው። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የአፖሎ ቴአትር ኮርኒስ በከፊል ተደርምሶ ወደ 80 የሚጠጉ ተመልካቾች ተጎድተዋል። ያረጀው ኮርኒሱን አንጠልጥሎ የያዘው ከጨርቅና ከጂፕሰም የተሠራ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ጋልቫናይዝድ ሽቦ ይሁን፣ የተቀበረውን እንጨት ዙሪያውን ይያዝ፣ ላይኛው ጫፉ ከጣሪያው ብረት ጋር ይታሰር። ማጣበቂያ ብቻ ወይም ጂፕሰም ቦርድ ላይ በብሎን መምታት አይበቃም። በላይ በኩል ሰው ገብቶ ማሰሪያዎቹን የሚያይበት 60 በ60 ሳንቲሜትር የሆነ በር ይተዉ። ደግሞም አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ እዚህም ተሰምቷል። ቀጥ ብለው ከወረዱት ሽቦዎች በተጨማሪ በአራት አቅጣጫ ዘንበል ያሉ ማሰሪያዎች ያድርጉ። ኮርኒሱ ግድግዳውን አይንካ፣ 2 ሳንቲሜትር ክፍተት ይኑረው። ክፍተቱን የሚሸፍነውን ጌጥ በአንድ ወገን ብቻ ይሰኩት፤ በሁለቱም ከተሰካ በመጀመሪያው መወዛወዝ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ጌጥና ጉልላት ድምፅ ያስተጋባል ይባላል። እውነት ነው? ዝናብ ሲመጣስ ቆርቆሮውን ምን እናድርገው? አዳራሹ መንገድ ዳር ስለሆነ የባጃጁም ድምፅ አለ።

መልስ፦ ጉልላት ያስቸግራል፤ ጌጥ ግን በልኩ ከተሠራ ይረዳል። የሁለቱ ምክንያት ስለሚለያይ ለየብቻ እንያቸው።

ጉልላት እንደ ጎድጓዳ መስታወት ድምፅን ወደ አንድ ቦታ ይሰበስባል። ሰዎች ጠፍጣፋ ሲሆን ጉዳቱ የሚቀንስ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። በ7 ሜትር ኮርኒስ ላይ 3 ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉልላት ቢሠራ የክቡ ራዲየስ 7.6 ሜትር ይሆናል፣ ድምፁም የሚሰበሰበው ወለሉ ጋ፣ ከተመልካቹ ጆሮ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያንኑ ስፋት 40 ሳንቲሜትር ብታጎድጉዱት ራዲየሱ 3 ሜትር ገደማ ይመጣና ድምፁ ከፊት ረድፎች ጭንቅላት በላይ፣ አየር ላይ ተሰብስቦ ይበተናል። ራዲየሱ ከኮርኒሱ ቁመት ግማሽ በታች ወይም ከእጥፉ በላይ ይሁን። ጉልላቱም ወደ ፊት ረድፎች ይጠጋ፤ ወደ ኋላ ከሄደ ወለሉ ከፍ ስለሚል ጆሮ ወደ መሰብሰቢያው ይቀርባል። ፊት ላይ የሚሆን ከሆነም ጥቁር ይቀባ። ሁለቱ የማይመቹ ከሆነ ጉልላቱን በድምፅ አሳላፊ ጨርቅ ሠርታችሁ ከኋላው ሮክ ውል (ድምፅ የሚመጥ የድንጋይ ቃጫ) ሙሉበት፤ ዓይን ጉልላት ያያል፣ ድምፅ ግን አያገኘውም።

ጌጥ ሲባል ደግሞ ጥልቀት ያለው እንጂ የተለጠፈ ቅጠል አይደለም። 5 ሳንቲሜትር የወጣ ጌጥ የሚበትነው ከ1,700 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። የሰው ንግግር የሚገኝበትን 500 ኸርዝ ለመበተን 17 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የራሳችን የግንባታ ቅርስ ከሮማ ዓምድ ይበልጥ ይጠቅማል። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ወይም የላሊበላን ቤተ አማኑኤል ግድግዳ አስታውሱ፤ ወጣ ገባ እያለ በአግድም ይደራረባል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ለሲኒማ ቤቶቻቸው ግብፅንና ስፔንን ይኮርጁ ነበር፤ እኛ አክሱምን ትተን የነሱን ኩረጃ የምንኮርጅበት ምክንያት አይታየንም። የጎን ግድግዳችሁን በ17 ሳንቲሜትር ወጣ ገባ አድርጋችሁ፣ ገባ ያለውን በ5 ሳንቲሜትር ሮክ ውልና በጨርቅ፣ ወጣ ያለውን በጂፕሰም ሥሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጨርቁን ማንም ቀለም እንዳይቀባው። ቀለም ቀዳዳውን ሲደፍነው ሮክ ውሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ብዙ አዳራሽ የሚበላሸው ከዓመት በኋላ በሚደረግ "እድሳት" ነው።

የኋላው ግድግዳ ላይ ጌጥ ቢበዛም ሮክ ውሉ አይቅር፤ ከእስክሪኑ የሚመጣው ድምፅ ፊት ለፊት የሚመታው እሱን ነው፣ ተመልሶም ፊት ለተቀመጠው ንግግሩን ሁለት ጊዜ ያሰማዋል።

ለዝናቡ ከቆርቆሮው በታች 10 ሳንቲሜትር ሮክ ውል፣ ከዚያ በላስቲክ ማንጠልጠያ የተሰቀለ ባለ ሁለት ድርብ ጂፕሰም ቦርድ ያስፈልጋል። የጌጡ ኮርኒስ ከዚህ በታች ለብቻው ይሰቀላል፤ ማንጠልጠያዎቹም የላይኛውን አልፈው ወደ ብረቱ ይሂዱ እንጂ ቦርዱን አይጫኑት፣ የሚያልፉበትም ቀዳዳ ይደፈን። ሮክ ውል ብቻውን ድምፅ አያግድም፤ የሚያግደው ክብደት ነው። ለባጃጁ ደግሞ ድርብ በር ሥሩ፤ በሁለቱ በሮች መካከል ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ክፍል ይሁን። ያቺ ክፍል የመንገዱን ድምፅም ብርሃንም ታስቀራለች፣ በዚያ ላይ ጌጥ ለማብዛት ከእሷ የተሻለ ቦታ የለም። በሮቹ ሁሉ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ለ10 ሜትር እስክሪን መጋረጃ ስንት ሜትር ከፋይ ልግዛ?

መልስ፦ የመጋረጃው መክፈቻ 10.4 ሜትር፣ ቁመቱ 4.8 ሜትር ነው ብለን እናስላ። ሁለቱ ወገኖች መሃል ላይ በ60 ሳንቲሜትር ይደራረባሉ፤ እጥፋቱ ግርማ እንዲኖረው የጨርቁ ወርድ ከመክፈቻው እጥፍ ይሁን። ጠቅላላ 22 ሜትር ወርድ ይመጣል። ከፋዩ 1.4 ሜትር ወርድ ካለው ለስፌት ተቀንሶ 16 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ከላይና ከታች መታጠፊያውን ጨምሮ 5.3 ሜትር፣ በድምሩ 85 ሜትር። 90 ይግዙ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የተነከረ ይሁን፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ቀይ መብራት ሲበራበት ይለያል። የከፋዩ ጠጉር በሁሉም ቁራጭ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይውረድ፤ አንዱ ከተገለበጠ ጥቁር ሰንበር መስሎ ይታያል። ክብደቱ 60 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን የቤት መጋረጃ ሐዲድ አይችለውም። ታችኛው ጠርዝ ከመድረኩ ወለል 2 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ አለበለዚያ የአዳማን አቧራ ይጠርጋል። ከመግዛትዎ በፊት ከጫፉ ትንሽ ቆርጠው ውጭ ሜዳ ላይ በላይተር ለ12 ሰከንድ ያቃጥሉት፤ ላይተሩ ሲነሳ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ እሳት የሚከላከል ኬሚካል የለበትምና ይተዉት። ኬሚካሉ በውኃ ስለሚታጠብ መጋረጃው በቫኪዩም ብቻ ይጽዳ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪሻን ነኝ። የኮርኒሱ ውስጥ ኤልኢዲ ሲደበዝዝ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በአንዴ ድርግም ይላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ፊልሙ መሃል ሁሉም በሙሉ ኃይል ይበራል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር ለድሮ አምፖል የተሠራ ዲመር (የብርሃን ማደብዘዣ) ከኤልኢዲ ጋር ስለማይስማማ ነው። ባለ 24 ቮልት ስትሪፕ፣ ቀለሙ 2,700 ኬልቪን፣ በዲኤምኤክስ (በመድረክ መብራት መቆጣጠሪያ ሲግናል) የሚታዘዝ የዲሲ ዲመር ያስገቡ፤ ከሙሉ ብርሃን እስከ ጨለማ 8 ሰከንድ ያህል ይውሰድ። በየ5 ሜትሩ ኤሌክትሪክ ይመግቡት፣ ካልሆነ ጫፉ ይፈዝዛል። ስትሪፑን ከኮርኒሱ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ያድርጉት። ሲጠጋ ጠርዙ ላይ ደማቅ መስመር ብቻ ይሠራል፣ ሰማዩ ይጠፋል። ኮከብ የሚጨመር ከሆነ ፋይበር ኦፕቲክ ይሁን፤ የብርሃን ምንጩ ከአዳራሹ ውጭ ስለሚቀመጥ ሲበላሽ መሰላል አያስፈልግም።

ሁለተኛው የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ዲመሩ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ከየት እንደሚጀምር የሚወስን ማስተካከያ አለው፤ "ዜሮ" ወይም "የመጨረሻው ሁኔታ" ላይ ያድርጉት። የመውጫና የደረጃ መብራቶች ግን ከዚህ ዲመር ጋር በጭራሽ አይያያዙ። የራሳቸው ባትሪ ይኑራቸው፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይብሩ። ፕሮጀክተሩና የፊልም ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ ጀነሬተር እስኪነሳ 10 ደቂቃ ከያዘ ይበቃል። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ በፕሮጀክተሩ ሜኑ ውስጥ የከፍታ ቦታ ማስተካከያ ካለ ያብሩት፣ ፋኑ ይፈጥናል። ሳይበራ ቢቀር ከሰዓት በኋላ ባለው ትርኢት ሙቀት በዛብኝ ብሎ ራሱን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ከውጭ በኩል እንደ ድሮው የሚያበራ ትልቅ የስም ሰሌዳ ማቆም ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን የአዳማ ነፋስ ተርባይን የሚያሽከረክር ነፋስ ነው። ሰሌዳው ድፍን ላሜራ ከሆነ እንደ ሸራ ይገፋል፤ በብረት ፍሬም ላይ ፊደሎቹን ለየብቻ አቁማችሁ ነፋሱ በመካከላቸው እንዲያልፍ አድርጉ። ፍሬሙ ከኮለን ወይም ከቢም ጋር ይታሰር፣ ብሎኬት ላይ የገባ ፊሸር ይነቀላል። ለመልክ የሚሆን ምሳሌ ካስፈለገ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራውን የአስመራውን ሲኒማ ኢምፔሮ ፎቶ እዩ፤ ፊቱ ላይ በረድፍ የተደረደሩት ክብ መብራቶች ዛሬ በኤልኢዲ በቀላሉ ይሠራሉ። አቧራና ውኃ እንዳይገባቸው አይፒ65 የሚል ምልክት ያለውን ግዙ፣ ትራንስፎርመሩን ደግሞ መሰላል ሳያስፈልግ በሚደረስበት ቦታ ላይ አድርጉት።